«4 ኩባያ እንጆሪ» ስትሉ ስንት ማለታችሁ ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። በምግብ አምዳችሁ ላይ የእንጆሪ ማርማላታ አሠራር አውጥታችሁ ነበር። «4 ኩባያ እንጆሪ፣ 4 ኩባያ ስኳር፣ የሎሚ ጭማቂ፣ 20 ደቂቃ ማፍላት፣ ቴርሞሜትር ያለው ሰው 105 ዲግሪ ሲደርስ ያውርደው» ይላል። ጽሑፉ አጭር ነው፣ ፎቶውም ያምራል። ነገር ግን በዚህ ልክ ሁለት ሰው ቢሠራ ሁለት የተለያየ ነገር ነው የሚወጣው።

እኔ ቤቴ ሆኜ በትእዛዝ ኬክ እሠራለሁ፤ እንጆሪ ከፍሪጄ አይጠፋም። የሰፈሬ ሰው ይህን ስለሚያውቅ አምዱ ከወጣ በኋላ ጎረቤቶቼ ጋዜጣውን ይዘው እኔው ጋ መጡ። የአንዷ ማርማላታ ማንኪያ ሰክቶ ማውጣት እስኪያቅት ድረስ ደርቋል። የሌላዋ እንደ ሽሮፕ ይፈሳል፤ ዳቦ ላይ ስትቀባው በጎን ወርዶ ሳህኑ ላይ ይተኛል። ሁለቱም ቆጥረው 4 ኩባያ ነው ያስገቡት። ልዩነታቸው አንዷ እንጆሪውን እንዳለ ሰፈረችው፣ ሌላዋ መጀመሪያ በብሌንደር ፈጭታ ሰፈረችው። ጋዜጣው የቱን እንደሚል አልተናገረም፤ ስለዚህ ጥፋቱ የሁለቱም አይደለም።

እስቲ መጀመሪያ ኩባያውን እንየው። የቱ ኩባያ? የሻይ ኩባያ ነው፣ የውኃ ብርጭቆ ነው፣ ወይስ ከዱባይ በሻንጣ የመጣው እጀታው ላይ ቁጥር ያለው የፕላስቲክ መለኪያ? የአሜሪካኖቹ ኩባያ 237 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል፣ የምግብ ማሸጊያ ላይ ሲጽፉት 240 ያደርጉታል። የአውስትራሊያው 250 ነው። የጃፓኑ 200 ነው። የድሮው የእንግሊዝ ደግሞ 284 ይደርሳል። እናንተ ያወጣችሁት አሠራር ከየት አገር እንደተወሰደ ስላልተጻፈ አንባቢው በገዛ ኩባያው ነው የሚሰፍረው፣ ኩባያ ደግሞ በየቤቱ ሌላ ነው።

የቤታችሁን ኩባያ ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ፣ ሚዛንም አያስፈልገውም። ያልተከፈተ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ግዙ። ኩባያውን ጢም አድርጋችሁ ሁለቴ ሙሉ። ውኃው ልክ ሁለቴ ሞልቶ ካለቀ ኩባያችሁ 250 ነው ማለት ነው። ሁለቴ ሞልቶ ከሥር ሁለት የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ ውኃ ከተረፈ የአሜሪካው ነው። ሁለተኛው ሳይሞላ ካለቀ ኩባያው ትልቅ ነው፣ ለሻይ እንጂ ለመለኪያ አይሆንም። ሚዛን ያለው ሰው ደግሞ ኩባያውን ሚዛኑ ላይ አስቀምጦ ዜሮ ያድርገውና ውኃ ይሙላበት፤ የውኃው ግራም ያው ሚሊ ሊትሩ ነው።

ኩባያው ቢታወቅም ግን ገና ነው። ትልቁ ጣጣ እንጆሪው ራሱ ላይ ነው።

ውኃ ኩባያ ውስጥ ባዶ ቦታ አይተውም። ስኳርም ብዙ አይተውም። እንጆሪ ግን ይተዋል። አንዱን እንጆሪ ሾጣጣውን ወደ ላይ፣ ሌላውን ወደ ጎን ብታደርጉት በመካከል ክፍተት አለ፣ ከኩባያው ግድግዳ ጋርም ክፍተት አለ። ትልልቅ ከሆነ አንድ የአሜሪካ ኩባያ 8 ገደማ ይይዛል፣ መካከለኛ ከሆነ 12 ገደማ። የመጨረሻው ግማሹ ከኩባያው አፍ በላይ ይቆማል። እሱን ልቁጠረው ወይስ ላውጣው? አንዱ ይቆጥረዋል፣ አንዱ ያወጣዋል፣ ሌላው ደግሞ በመዳፉ ጫን ብሎ ያስገባዋል። የኩባያው ከሲሶ በላይ አየር ነው። የማያምን ሰው እንጆሪ በሞላው ኩባያ ላይ ፍሬዎቹ እንዳይንሳፈፉ በጣቱ ይዞ ውኃ ያፍስስበት፣ ምን ያህል እንደሚጠጣ ራሱ ያየዋል።

አሁን ቁጥሩን ልስጣችሁ። በአሜሪካው ኩባያ፣ አረንጓዴ ቆቡ የወጣለት ሙሉ እንጆሪ 144 ግራም ገደማ ይመዝናል። ለሁለት ለሁለት ከተሰነጠቀ 152። ስስ ስስ ተደርጎ ከተቆረጠ 166። ከተፈጨ ግን አየሩ ሁሉ ስለሚወጣ 232 ይደርሳል፣ ከውኃ ብዙም አይተናነስም። በ250ው ኩባያ ለምትሠሩ ሙሉው 152፣ የተቆረጠው 175፣ የተፈጨው 245 አካባቢ ይሆናል።

በኪሎ ስታዩት የበለጠ ይገርማል። አንድ ኪሎ እንጆሪ ሙሉውን ስትሰፍሩት 7 ኩባያ ነው። ያንኑ ኪሎ ቆራርጣችሁ ስትሰፍሩት 6 ኩባያ ይሆናል። ፈጭታችሁ ስትሰፍሩት ከ4 ኩባያ ትንሽ ነው የሚያልፈው። ፍሬው ያው ነው፣ የተከፈለበት ብር ያው ነው፣ ማንም ከውስጡ አልበላም። ታዲያ «4 ኩባያ» ማለት ግማሽ ኪሎ ነገርም ሊሆን ይችላል፣ አንድ ኪሎ ሊሞላ የተቃረበም ሊሆን ይችላል።

አጻጻፋችሁም ላይ አንድ ነገር አለ። አንዳንዴ «2 ኩባያ የተከተፈ እንጆሪ» ትላላችሁ፣ አንዳንዴ «2 ኩባያ እንጆሪ ተከትፎ»። የመጀመሪያው ከትፈህ ስፈር ነው። ሁለተኛው ሰፍረህ ክተፍ ነው። ልዩነቱ በሁለት ኩባያ 44 ግራም ነው፤ ለሰላጣ ምንም ማለት አይደለም፣ ለኬክ ግን እርጥበቱ ይታወቃል፣ ምክንያቱም እንጆሪ ከመቶ 91 እጅ ውኃ ነው። ጸሐፊያችሁ ይህን ለይተው እንደማይጽፉት ከሁለት ሦስት እትም አይቻለሁ። ግራም ቢጻፍ ግን ቢከተፍም ባይከተፍም ለውጥ የለውም፤ 300 ግራም እንጆሪ ቢቆረጥም ቢፈጭም 300 ግራም ነው።

ወደ ማርማላታው ልመለስ፣ ነገሩ የሚብሰው እዚያ ነው። «4 ኩባያ እንጆሪ፣ 4 ኩባያ ስኳር» ሲባል ለሚያነብ ሰው እኩል በእኩል ይመስለዋል። ማርማላታ ከድሮ ጀምሮ በብዙ አገር እኩል በእኩል ነው የሚሠራው፣ ግን እኩል የሚባለው በክብደት ነው። አንድ ኩባያ ስኳር 200 ግራም ነው። ስለዚህ 4 ኩባያ ስኳር 800 ግራም። 4 ኩባያ ሙሉ እንጆሪ ግን 576 ግራም ብቻ ነው። እንግዲህ ስኳሩ ከፍሬው አንድ ተኩል እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ስኳር በዚህ ዋጋ! 4 ኩባያ የተፈጨ ከሆነ ደግሞ እንጆሪው 928 ግራም ይሆንና ስኳሩ ያንስበታል።

ይህ የጣፋጭነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ማርማላታ በደንብ የሚይዘው እና ሳይበላሽ የሚቆየው ከጠቅላላ ክብደቱ 65 በመቶ ገደማ ስኳር ሲሆን ነው፤ የምናፈላውም ትርፉን ውኃ ለማባረር ነው። እስቲ አስቡት። ሙሉውን እንጆሪ የሰፈረችው ጎረቤቴ ድስቷ ውስጥ የገባው ስኳር ከፍሬው አንጻር ከመጀመሪያው ብዙ ስለነበር ማባረር የነበረባት ውኃ 70 ግራም ያህል ነበር። የፈጨችው ደግሞ 370 ግራም ገደማ። ለሁለቱም የተነገራቸው 20 ደቂቃ ነው። በአንድ ዓይነት እሳት ያች ከአምስት እጥፍ በላይ ውኃ የምታባርር ሴት እና ይቺ እኩል ሰዓት እንዴት ይበቃቸዋል? አንዷ አልፎባት ከረሜላ ሆነ፣ ሌላዋ ሳይደርስላት አወጣችው። ሎሚው ይረዳል እርግጥ ነው፣ እንጆሪ ራሱ ፔክቲኑ (ማርማላታን የሚያረጋው በፍሬ ውስጥ ያለ ነገር) ትንሽ ስለሆነ ያለ ሎሚ በደንብ አይረጋም፣ ሆኖም ሎሚ የውኃውን ነገር አይፈታውም።

ስለ 105 ዲግሪውም አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፣ ከርዕሴ ትንሽ ቢወጣም። ይህ ቁጥር ባሕር ጠለል ላይ ላለ ሰው ነው። እዚያ ውኃ በ100 ይፈላል፣ ማርማላታ ከዚያ ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ከፍ ሲል ይደርሳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። ስለዚህ ለእኛ ማርማላታው 96 ወይም 97 ላይ ደርሷል። 105 እስኪደርስ የጠበቀ ሰው ድስቱን ቢላ ይዞ ነው የሚፍቀው። ሐዋሳ ያለ ሰው በ98 ወይም በ99፣ ድሬዳዋ ያለ በ100 ወይም በ101 ያወርዳል። ቴርሞሜትር ያለው ሰው መጀመሪያ የፈላ ውኃ ውስጥ አስገብቶ ይይ፣ ባገኘው ላይ አራት ተኩል ይጨምር። ይህን አንድ መስመር ጨምራችሁ ብትጽፉት ኖሮ ስንቱ ድስት በዳነ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ!

ለሌሎቹ ፍሬዎች አልቆይም። ብሉቤሪ በአንድ የአሜሪካ ኩባያ 148 ግራም ነው፣ ብላክቤሪ 144። ራስቤሪ ውስጡ ክፍት ስለሆነ 123 ብቻ ነው፣ ቀላል ነው፣ ደግሞም ኩባያውን መታ መታ ካደረጋችሁት ከሥር ያለው ተጨፍልቆ ሌላ ይጨመርበታል፣ ስለዚህ ራስቤሪ መታ መታ አይደረግም። ክራንቤሪ ቀላሉ ነው፣ 100 ግራም። ብሉቤሪ ትንንሽ እና ክብ ስለሆነ ከሁሉም ይልቅ እሱ ላይ ኩባያ ያስተማምናል። በየደጋው አጥር ጥግ የሚበቅለውን፣ ልጆች እሾሁ እየቧጨራቸው የሚለቅሙትን የዱር እንጆሪ ለምታበስሉ ግን የሱቁን እንጆሪ ቁጥር አትውሰዱ፣ ዘመዶቹ ራስቤሪ እና ብላክቤሪ ናቸውና የእነሱ ቁጥር ይቀርበዋል።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች እህቴ የምትልክልኝ አሠራር ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ እንጆሪ በአንድ ፓውንድ የፕላስቲክ ካርቶን ይሸጣል፣ 454 ግራም ማለት ነው፣ ሙሉውን ሲሰፈር ከ3 ኩባያ ትንሽ ያልፋል። ራስቤሪው በ6 አውንስ ነው፣ 170 ግራም፣ አንድ ኩባያ ከሲሶ ገደማ። ብሉቤሪው ላይ «ፓይንት» የሚል ተጽፎ ታገኛላችሁ። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ፤ አሜሪካኖቹ ሁለት ፓይንት አላቸው። ለወተትና ለመሳሰለው ፈሳሽ 473 ሚሊ ሊትር ነው፣ ለፍሬ ግን 551 ነው። እንግሊዞቹ ደግሞ 568 ይላሉ። አንድ ፓይንት ብሉቤሪ ማለት 340 ግራም አካባቢ ነው ብላችሁ ያዙትና ተገላገሉ። እህቴን «ግራሙን ላኪልኝ» ብያት አሁን የካርቶኑን ጽሑፍ ፎቶ አንስታ ትልካለች፣ ካርቶኑ ላይ ግራሙም አብሮ ተጽፏል።

የበረዶውን ነገር ብዙ ሰው አያስበውም። ትልልቅ ሱፐርማርኬት ውስጥ በረዶ የሆነ እንጆሪ በፌስታል ታሽጎ ይገኛል። በረዶ እንደሆነ ሲሰፈር አንድ ኩባያው 149 ግራም ነው፣ ከትኩሱ ብዙም አይለይም። ቀልጦ ሲሰፈር ግን ፍሬው ስለሚሟሽሽ 221 ግራም ይገባል። አንድ ተኩል እጥፍ ማለት ነው! ስለዚህ በኩባያ የግድ የምትሰፍሩ ከሆነ ሳይቀልጥ ስፈሩት፣ ሲቀልጥ የሚወጣውንም ውኃ አትድፉት፣ የእሱው አካል ነው።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ሳወራ «እናቶቻችን በየትኛው ሚዛን ነው ያን የመሰለ ወጥ የሠሩት?» አለችኝ። ልክ ናት። እኔም ሽሮ ስሠራ ሚዛን አላወጣም። ወጥ ግን እየቀመስክ ታስተካክለዋለህ፤ ውኃ ያንሳል ትጨምራለህ፣ በርበሬ ይበዛል ሽንኩርት ታክላለህ። ኬክ ምድጃ ከገባ በኋላ ተመልሶ የሚቀመስ አይደለም። ማርማላታም ትኩስ እያለ ሁሉም ፈሳሽ ነው የሚመስለው፣ መያዝ አለመያዙ የሚታወቀው ሲበርድ ነው፣ ሲበርድ ደግሞ ጠርሙስ ውስጥ ገብቷል። ለጁስ ከሆነ በኩባያም በእፍኝም ስፈሩት፣ ማንም አይጠይቃችሁም። ለፍራፍሬ ሰላጣም እንደዚያው። ለማርማላታ፣ ለኬክ እና ለክሬም ግን በግራም ይሁን ነው የምለው።

ደግሞ እኛ አገር እኮ እንጆሪ የሚሸጠው በኪሎ ነው! አትክልት ተራ ሂዱ፣ የሰፈር ፍራፍሬ ቤት ሂዱ፣ ሻጩ ሚዛን ላይ ነው የሚያወጣው፣ ደንበኛ ከሆናችሁም ሁለት ሦስት ፍሬ ምርቃት ጣል ያደርግላችኋል። ሱፐርማርኬት ውስጥም ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው ግራሙ ነው። እንግዲህ ሰውየው በኪሎ ገዝቶ ቤቱ የገባውን ፍሬ፣ እናንተ ኩባያ ውስጥ ከትታችሁ ታሳስቱታላችሁ። ስንት እንደሚገዛ እንኳ ከአሠራሩ ላይ ማወቅ አይችልም። «4 ኩባያ» ብሎ ለሻጭ የሚነግር ማን አለ? ያን ቀን አንዷ ጎረቤቴ ሁለት ኪሎ ገዝታ ግማሹ ፍሪጅ ውስጥ ሻግቶባታል፤ እንጆሪ ሁለት ሦስት ቀን ካደረ ያው ታውቁታላችሁ።

ስትገዙ ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ ቆቡ ይመዝናል፤ ከአንድ ኪሎ 60 ግራም ገደማ ቆብና ቅጠል ነው፣ ቢላ የሚያበዛ ሰው ከዚያም በላይ ያስወግዳል። ለዚህ ነው አሠራር ላይ «ቆቡ ከወጣ በኋላ» መባል ያለበት። ሁለተኛ በፕላስቲክ የታሸገውን ገልብጣችሁ ከሥሩ እዩት። ከላይ ቀይ ቀዩ ተደርድሮ ከሥር ግማሹ ውኃ ያዘለና የተጨፈለቀ ይሆናል፣ እሱን ስታወጡ 500 የተባለው 400 ሊሆን ይችላል። ለማርማላታ አንድ ኪሎ ከፈለጋችሁ አንድ ኪሎ ከሩብ ግዙ። የተረፈው ለጁስ ይሆናል፣ ልጆች ካሉ ደግሞ አይተርፍም።

ሚዛን የለኝም ለሚል ሰውም መላ አለ። ፍራፍሬ ቤቱ መርጣችሁ ያወጣችሁትን ብቻ እንዲመዝንላችሁ ጠይቁ፣ ከዚያ ስኳሩን በዚያው ልክ ከሱቅ በኪሎ ግዙ። ቤት ያለ ኩባያ ሳይነካ ሥራው አለቀ። የግድ ኩባያ ከሆነ ደግሞ ቆራርጣችሁ ስፈሩ፤ ሲቆረጥ ትልቁም ትንሹም ፍሬ እኩል ስለሚተኛ ልዩነቱ ይጠባል። አፉ ላይ በቢላ ጀርባ ጠረግ አድርጉት እንጂ አትቆልሉት፣ አትጫኑትም። እንዲህም ሆኖ አሥር ግራም ወዲህ ወዲያ ማለቱ አይቀርም፣ እሱ አያስጨንቅም።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ፍሬ ያለበትን አሠራር ስታወጡ ግራሙን ጻፉልን። ኩባያውን መተው ካልፈለጋችሁ ከጎኑ ይቀመጥ፣ ግን የስንት ሚሊ ሊትር ኩባያ እንደሆነ፣ ፍሬው ሙሉ ይሁን የተቆረጠ ይሁን የተፈጨ ይጻፍ። ቦታ ይይዛል የምትሉ ከሆነ ፎቶውን ትንሽ አሳንሱት።

ማርማላታውንም በሚቀጥለው እትም ብታርሙት ደስ ይለኛል። እኔ የምሠራበትን እነሆ፣ ያለ ስም አውጡት፦ ቆቡ የወጣለት 1 ኪሎ እንጆሪ፣ 1 ኪሎ ስኳር፣ የ2 ሎሚ ጭማቂ። እንጆሪው ለሁለት ተሰንጥቆ ከስኳሩ ጋር ተቀላቅሎ ይደር፣ ጠዋት ፍሬው በራሱ ውኃ ውስጥ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ድስቱን ባዶውን መዝናችሁ ክብደቱን ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ ሰፋ ባለው በዚያው ድስት፣ ሎሚውን ጨምራችሁ፣ ጠንከር ባለ እሳት አንተክትኩት፣ ከሥር እንዳይዝ አማስሉ፣ አረፋውን ግፈፉ። ደረሰ ሲመስላችሁ እሳቱን አጥፉና ድስቱን እንዳለ ሚዛኑ ላይ አውጡት፣ ሚዛኑ ፕላስቲክ ከሆነ ከሥሩ ወፈር ያለ ጣውላ አድርጉና የጣውላውንም ክብደት ቀንሱ። የድስቱ ተቀንሶ 1 ኪሎ ከ650 ግራም አካባቢ ከሆነ ደርሷል። ከዚያ በላይ ከሆነ መልሳችሁ ጣዱት። በዚህ መንገድ ቴርሞሜትርም አያስፈልግም፣ አዲስ አበባም ሆነ ድሬዳዋ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ቢሆን ቁጥሩ አይቀየርም። ያ ጎረቤቴ ሽሮፕ የሆነባትን እንኳ በዚህ ሒሳብ መልሳ ጥዳ አድናዋለች፤ የደረቀውን ግን ትንሽ የፈላ ውኃ ጨምረን ከማለስለስ በቀር ብዙ ማድረግ አልቻልንም።

አክባሪያችሁ፣
ቤቷ ኬክ የምትሠራ የዘወትር አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ